ለ«ወርቃማ መርፌ» ፕሮግራም ባለቤት፣ ከቁልፍ እቁብተኞቹ ከአንዷ

ለተከበሩ ፕሬዚዳንት ፒዮ
የ«ወርቃማ መርፌ» የጥልፍ ፕሮግራም ሠሪና ሻጭ ድርጅት የበላይ ኃላፊ
ሴኡል

ክቡርነትዎ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እኔ፣ ልጄ፣ የጥልፍ ማሽኔና በደጄ የሚያልፈው ሠራዊት ሁሉ ደህና ነን። የእርስዎም ጤና በየሰዓቱ ቀጥ እንደሚለው ፕሮግራምዎ ሳይሆን፣ አንድም ቀን ወርዶ እንደማያውቀው ዋጋው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

ታክ ማልሱን እባላለሁ። በሳንዋ ከተማ፣ ከጦር ካምፑ በር ፊት ለፊት ባለው የጥልፍ ሱቆች መንገድ፣ በወታደር ደረት ላይ ስምና ማዕረግ ስጠልፍ ፀጉሬ ሸብቷል። የስንቱ ሻለቃ፣ የስንቱ ኮሎኔል ስም በእጄ አልፏል፤ አንዱንም ግን ማንበብ አልችልም ነበር። ቅርጹን አይቼ እንደ አበባ እገለብጠዋለሁ እንጂ። ዘንድሮ በጸደይ ግን በከተማው አዳራሽ ፎቅ ላይ ከሚሰጠው የማታ የመሠረተ ትምህርት ክፍል ተመርቄያለሁ። አንደኛ ወጣሁ ብል ጉራ ይሆንብኛል፤ ስለዚህ ሁለተኛ የወጣችው ሴትዮ ከእኔ እጅግ ርቃ ነው የወጣችው ብል ይሻላል። መምህርታችን ወይዘሪት ቢዮን «የመጀመሪያ ደብዳቤያችሁን ለምትወዱት ሰው ጻፉ» ብላን ነበርና ለልጄ ሁለት መስመር ጻፍኩላት፤ ስለምወዳት አላስረዘምኩባትም። የእርስዎ ረዘም ይላል።

የምጽፍልዎ ስለ ጎረቤቴ ስለ ጋሽ ሜንግ ዱሲክ ነው። ድርጅትዎ፣ እኚህ ሽማግሌ ፕሮግራሙን አባዝተው በየከተማው ሸጠዋል ብሎ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ጥፋታቸውን አምነው ማኅተማቸውን ካላኖሩና ካሳውን ካልከፈሉ ለዐቃቤ ሕግ አሳልፎ እንደሚሰጣቸው አስታውቋል። ወሬው ካምፑ ደርሶ ወታደሮች ወደ ሱቃቸው ዝር እንዳይሉ ተከልክለዋል። በእኛ መንገድ ወታደር የማይገባበት ሱቅ ማለት ወንዙ የደረቀበት ወፍጮ ማለት ነው። ጋሽ ሜንግ ግን የተባለውን አላደረጉም። ያደረገውን ሰው አውቀዋለሁ፤ እነግርዎታለሁም። የእርዳታ ክፍልዎን ሙዚቃ በስልክ እያዳመጥኩ እኔ የጠበቅሁትን ያህል እርስዎም ጥቂት ይታገሡኝ። እስከዚያው ምስጋናዬንና አቤቱታዬን በተራ ላቅርብ። ተራ የሚለውን ቃል ልብ ይበሉልኝ፤ ኋላ ያሳፍረኛል።

አንደኛ፦ ስለ ሐብሐብ።

በእኛ ገበያ ሐብሐብ ሻጭ ቢላዋውን መዝዞ ከሐብሐቡ ጎን ሦስት ማዕዘን ቆርጦ ያወጣና «እንካችሁ፣ ቅመሱ» ይላል። ቀይ ከሆነ ይገዛል፤ ነጭ ከሆነ ሰውየው አንገቱን ይደፋል። የእርስዎ ፕሮግራም ግን በላስቲክ ታሽጎ፣ እሽጉ ላይ «ከተከፈተ አይመለስም» ተብሎ ተጽፎበት ይመጣል። ሳይከፍቱት መጥፎነቱ አይታወቅም፤ ከከፈቱት ደግሞ መጥፎነቱ የገዢው ንብረት ነው። እንዲህ ያለ ብልኃት ያስተማረዎትን መምህር ባገኘው ከወይዘሪት ቢዮን ክፍል ወጥቼ እሱ ዘንድ እገባ ነበር።

ክራባቱን አስተካክሎ ከሴኡል የመጣውን ሻጭዎን «ልጄ፣ አንድ ቀን እንሞክረውና ደስ ካለን እንግዛ» አልኩት።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ ሶፍትዌር ነው፤ ሐብሐብ አይደለም» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ።

«እሱማ ገብቶኛል» አልኩት። «ሐብሐብ ቢሆን ሌላው ቢቀር ዘሩን እተክለው ነበር።»

ዋጋው ለአንድ ሱቅ የሚቀመስ ስላልነበረ አራት ሱቆች ሆነን እንደ ልማዳችን እቁብ ገባን። ማቀዝቀዣም፣ ማሽንም፣ የልጅ ሠርግም በእቁብ ስንወጣ የኖርን ሰዎች ነን። የዚህኛው እጣ ግን ገንዘብ ሳይሆን ቁልፏ ነበረች። ቁልፍ የምለው ያቺን ከኮምፒውተሩ ጀርባ የምትሰካ፣ አውራ ጣት የምታክል ዕቃዎን ነው፤ እሷ ካልተሰካች ፕሮግራሙ አይከፈትም። ፕሮግራሙን በአራታችንም ኮምፒውተር አስገባን፤ የሚሠራው ግን ቁልፏ ያለችበት ሱቅ ብቻ ነው። እሑድ እሑድ በቀይ ጨርቅ ጠቅልለን፣ የሩዝ ጠላችንን ማኮሊ ቀድተን፣ ከአንዱ ሱቅ ወደሚቀጥለው እንደ ሙሽራ እንሸኛታለን። በሬ የሌለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ተራ እየገባ እንደሚያርስ ማለት ነው። ግዢው በጋሽ ሜንግ ስም ሆነ፤ በዕድሜ ታላቃችን ናቸው፣ ማኅተማቸውም በመንገዱ ላይ የታመነ ነው። ይህ ሁሉ ክልክል መሆኑን ማንም አልነገረንም። ሻጭዎ እንኳ ቁልፏን በጨርቅ ስንጠቀልል ቁጭ ብሎ አይቷል፤ አይቶም ማኮሊውን ጠጥቶ፣ እጅ ነስቶ ሄዷል። ጥሩ ጠጪ ነው፤ ያክብርልኝ።

ሁለተኛ፦ ፕሮግራሙ ስለሚሰጠው ማዕረግ።

«ወርቃማ መርፌ» ታታሪ ነው፤ ሐሰት አልናገርም። አንድ አበባ ጥለፍ ሲሉት መርፌውን እዚያው ላይ እያመላለሰ ጨርቁን ጣውላ ያደርገዋል። አንድ ጊዜ ለአንድ ሻምበል ማዕረግ አዘዝነውና ሦስቱን አልማዝ ጎን ለጎን በመደርደር ፋንታ አንዱን ባንዱ ላይ አነባብሮ አንድ አደረጋቸው። ሥራ በዝቶብኝ ሳላየው ሰፍቼ ሰጠሁት። ሰውየው መስታወት ፊት ቆሞ ትከሻውን ሲያይ ቆየና «እማማ፣ በምን ጥፋቴ ነው ምክትል መቶ አለቃ ያደረጉኝ?» አለኝ። የጦር ፍርድ ቤት እንኳ ያንን ያህል ፈጥኖ ማዕረግ አይገፍም።

የእርዳታ ክፍልዎ ስደውልለት ትሕትናው ወደር የለውም። «አጥፍተው ያብሩት» ይለኛል። አጠፋለሁ፣ አበራለሁ። «ቁልፏን ነቅለው ይሰኳት» ይለኛል። እነቅላለሁ፣ እሰካለሁ። በመጨረሻ «ይህ ችግር እኮ በአዲሱ ላይ ተስተካክሏል እትዬ፣ አዲሱን ይግዙ» ይለኛል። ጫማ ሰፊ የተቀደደ ጫማ ሸጦ «ያልተቀደደው መደርደሪያው ላይ አለልሽ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ስለ አዲሱ አስተሳሰብ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፦ ስለ ስምምነታችን።

ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ሲገባ ረጅም ጽሑፍ ይመጣል፤ ከግርጌው አረንጓዴ ምልክት አለ። እኔ አረንጓዴ ደስ ስለሚለኝ ተጫንኩት። ልመረቅ ስቃረብ ነው «እስማማለሁ» የሚል መሆኑን ያወቅሁት። በምን እንደተስማማሁ ለማወቅ ጽሑፉን በወረቀት አሳትሜ ለንባብ ልምምድ ክፍል ይዤው ሄድኩ። ጮክ ብዬ ሳነብ አጠገቤ የምትቀመጠው የቶፉ ነጋዴ «ማልሱን እህቴ፣ የቀብር ማስታወቂያ ከሆነ ማን እንደሞተ ቶሎ ንገሪንና እንረፍ» አለች። ፕሮግራሙ ለተገዛበት ሥራ እንደሚሆን ድርጅቱ ዋስትና አይሰጥም ይላል። ለደረሰው ጉዳት አይጠየቅም ይላል። ወይዘሪት ቢዮን እንኳ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች።

ታዲያ ክቡርነትዎ፣ እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ቁልፏን ለሌላ ማዋስ፣ ፕሮግራሙንም ማባዛት ክልክል መሆኑ ጥርት ባለ ፊደል ተቀምጧል። እዚያ ላይ ስደርስ ድምፄ ቀጠነ። መምህርቷ «ጎበዝ፣ ቀጥይ» አለችኝ። ጉሮሮዬን አመመኝ ብዬ ተቀመጥኩ።

አራተኛው አቤቱታዬ በእርስዎ ላይ አይደለም። በታክ ማልሱን ላይ ነው።

አምና ክረምቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ሻለቃ ጦር ወደ ሌላ ካምፕ ተዛወረና የጦሩ ሁሉ ምልክት ይቀየር ተባለ። ሥራው ለእኔ ደረሰ። ቁልፏ ግን በዚያ ሳምንት ተራዋ የጆንግሪም ነበር። ጆንግሪም ከእኔ ሁለት ሱቅ ወዲያ ያለች፣ ምላሷ ከመርፌዋ የሚፈጥን እቁብተኛችን ናት። ሄጄ ለመንኳት።

«ተራ ተራ ነው እህቴ» አለችኝ። «እኔ ያኔ ለግማሽ ቀን ስጪኝ ብልሽ በመጥረጊያ አይደል ያባረርሽኝ?»

«በመጥረጊያ አላባረርኩሽም፤ እየጠረግሁ ነበር።»

«እንግዲያው እኔም እየጠረግሁ ነው» አለችና መጥረጊያዋን አነሳች።

ተናድጄ ወደ ሱቄ ስመለስ ውትድርናውን የጨረሰ አንድ አስር አለቃ የመሰናበቻ ምልክቱን ቆቡ ላይ ላስጠልፍ ብሎ ይጠብቀኛል። ኮምፒውተር አዋቂ ነኝ አለ። ጉዴን ሁሉ ዘረገፍኩለት።

«እማማ፣ ለዚች ቁልፍ ነው እንዲህ የሚጨነቁት? ምልክቴን በነጻ ይጥለፉልኝና ቁልፍ የማይጠይቅ አደርግልዎታለሁ።»

«ኃጢአት የለውም?»

«ከፍለውበት የለ እንዴ?»

«ከፍያለሁ እንጂ!» አልኩ። እውነት ነው፤ ከፍያለሁ። ሩቡን።

ክሩን ቀይሬ ሳልጨርስ እሱ ጨረሰ። ሲሄድ አንድ ሲዲ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ለማስታወሻ» አለኝ። ምን እንደሆነ አልገባኝም ብልዎ ደስ ባለኝ፤ ግን ገብቶኛል። አውቶቡሱ እንዳያመልጥህ ብዬ ሸኘሁት።

አሁን የሚያስቅዎትን ልንገርዎ። ቁልፉ የተሰበረው ፕሮግራም ከተገዛው ይሻላል። ቀጥ አይልም። አልማዙን በየቦታው ያኖራል። ቀጥ የሚያደርገው ለካ ያ በየደቂቃው «ቁልፉ አለ? ቁልፉ አለ?» እያለ የሚጠይቀው የእርስዎ ዘበኛ ኖሯል። ሌባው ዓመቱን ሙሉ በሰላም ሲሠራ ከፋዮቹ ሲያጠፉና ሲያበሩ ከረሙ። ስለዚህ መስተንግዶዎ ሌቦች ሁሉ ያመሰግንዎታል፤ እኔም ወክያቸው አመሰግናለሁ።

የማያስቀውን ደግሞ ልቀጥል። ቁልፏ ስለማታስፈልገኝ ተራዬ ሲደርስ ለሌላው መስጠት ጀመርኩ። «ውሰዷት፣ እናንተ ሥራ ይበዛባችኋል» እላለሁ። መንገዱ በሙሉ ስለ ደግነቴ አወራ። ጆንግሪም ሳትቀር ለደንበኞቿ «ፊደል መቁጠር ሰው ያደርጋል፤ ማልሱንን አይታችኋል?» ትል ነበር። ለመኸር በዓል ጋሽ ሜንግ አንድ ሳጥን የፒር ፍሬ ተሸክመው ደጄ መጡ። «ተራሽን እየሰጠሽን እኮ ነው የተረፍነው» ብለው ጎንበስ አሉልኝ፣ በዚያ በሚያማቸው ወገባቸው። እኔም ጎንበስ አልኩና ተቀበልኩ። በሕይወቴ ብዙ ጉራ ነዝቻለሁ፤ ያን ቀን ግን ሌሎች ነዙልኝና እንዴት እንደሚከብድ አየሁ።

አምስተኛ። ይህን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

አስር አለቃው ሲዲውን ለማስታወሻ አላስቀመጠውም። በየካምፑ በር ላሉ ጥልፍ ሠሪዎች እያባዛ ሸጠው። በእያንዳንዱ ግልባጭ ግርጌ ግን «የተመዘገበው ለሜንግ ዱሲክ፣ ሳንዋ» ይላል፤ ቁልፏ የተገዛችው በእሳቸው ስም ነዋ። ስለዚህ ተቆጣጣሪዎ ዘንድሮ በበጋው መጀመሪያ ያንን ስም እየተከተለ እኛ ዘንድ ደረሰ። የአራታችንንም ሱቅ ሊያይ ነው የመጣው። ከእኔ ጀመረ። ኮምፒውተሬን ቢከፍተው ፕሮግራሙ ያለ ቁልፍ ተከፈተ።

በጨዋ አነጋገር «እትዬ፣ እዚህ ግርጌ ላይ የማን ስም ነው ያለው? ያንብቡልኝና ይፈርሙ» አለኝ።

ክቡርነትዎ፣ ከከንቲባው እጅ የተቀበልኩት የምስክር ወረቀት ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። ለገባ ለወጣው ሁሉ አሳየዋለሁ፤ ክር ሊገዛ ለመጣ ሰው ሳይቀር አነብለታለሁ። ያን ቀን ግን ወደ ኋላዬ ሄድ አልኩና በጀርባዬ ጋረድኩት።

«ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አልኩ። «ኮምፒውተር የሚያውቁልን ጋሽ ሜንግ ናቸው።»

ቃል በቃል ከታየ ውሸቱ ግማሽ ነው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሲመጣ ያስገቡልን በእርግጥ ጋሽ ሜንግ ናቸው። ልጁ ጻፈው። «ይቅርታ እናቴ፣ አላወቅሁም» ብሎ አፈረልኝ። በፊርማ ፋንታ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሮ አስነካኝ። ስሜን መጻፍ የቻልኩ ሴት፣ ወረቀት ይዘው የመጡ ሰዎች ፊት ስሜን ለመጻፍ ዕድሜዬን ሙሉ የጓጓሁ ሴት፣ ጣቴን ሰጠሁ።

በማግስቱ እቁብተኛው ተሰበሰበ። ጋሽ ሜንግ «እኔ ለማንም አልሸጥኩም» አሉ። ጆንግሪም ተነስታ «አሮጌ ቀበሮ! በኛ እቁብ ነግደው በሉ አይደል?» አለቻቸው። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። ዝም አይነቅዝም ይላል የድሮ ሰው፤ የእኔ ዝምታ ግን እዚያው ቆሜ ሲነቅዝ ሰማሁት። ዝም ብቻ ብል እንኳ ጥሩ። አዎ በሚል አንገቴን ነቀነቅሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ይህን በግልጽ እንዲያውቁልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ፦ ቁልፏን ያሰበርኩት እኔ ነኝ። ሲዲው ከእኔ ሱቅ ነው የወጣው። ጋሽ ሜንግ ዱሲክ ያጠፉት ነገር ቢኖር ቁልፏን ከጎረቤት ጋር በተራ መጠቀማቸው ነው፤ ይህንንም ከእኛ ከሦስታችን ጋር እኩል ነው ያጠፉት፤ ድርሻችንንም እኩል እንጠየቃለን። የቀረው ዕዳ የእኔ ነው። የሚያስፈርሙት ወረቀት ካለዎት ወደ እኔ ይላኩት፤ በዚህ ጊዜ አንብቤ እፈርማለሁ።

አሁን ደግሞ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣም ስለምሰጠው፣ እዚያ ለሚያነቡት የሙያ ባልደረቦቼ አንድ ቃል። መጥፎ ፕሮግራም ላለመግዛት ሲባል ስርቆት አያስፈልግም፤ እኔ ሞክሬዋለሁና ከእኔ ተማሩ። ሻጩ ካላስቀመሳችሁ በሩን አሳዩት፤ አራት ሱቅ ሆናችሁ ብታሳዩት ደግሞ ፈጥኖ ያስቀምሳል። እኛ ለመግዛት ተባበርን እንጂ ላለመግዛት መተባበር ትዝ አላለንም። የገዛ ሰው ካለ ሄዳችሁ ሲሠራበት ቁጭ ብላችሁ እዩ፤ ሲሳደብ ከሰማችሁ ተመለሱ። ሠርተው በነጻ የሚሰጡ ደጋግ ሰዎችም አሉ፤ ወይዘሪት ቢዮን አንዱን አሳይታኛለች፤ መልኩ አያምርም፣ ቀጥ ግን አይልም፣ ሠሪዎቹም ስሕተታቸውን ሲነግሯቸው አመሰግናለሁ ይላሉ። ይህም ካልሆነ በእግር የሚረገጠው አሮጌው ማሽን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። እኔ ግልባጩን ከኮምፒውተሬ አስጠፍቼ ወደ እሱ ተመልሻለሁ። ጉልበቴን ያመኛል፤ ሥራውም ይዘገያል። ስሞቹን አሁን እያነበብኩ ስለምጠልፍ ግን በጠቅላላው ግዛት ከእኔ የሚተካከል የለም፤ ይህን ጉራ እንኳ ተዉልኝ።

ደብዳቤውን ወደ ጋዜጣው ከመውሰዴ በፊት ጋሽ ሜንግ ዘንድ ሄጄ አነበብኩላቸው። ሱቁ ባዶ ነበር። ማሽኑን ሸፍነው ተቀምጠዋል። 

ስጨርስ «ይህን ሁሉ ከምትጽፊ መጥተሽ በቃልሽ ብትነግሪኝ አይበቃም ነበር?» አሉ።

«በቃሌ የተናገርኩትን እክዳለሁ ጋሼ» አልኳቸው። «ራሴን አውቃታለሁ።»

«ጆንግሪም ቀበሮ ስትለኝ ነቅንቀሻል።»

«አዎ።»

«አይቼሻለሁ» አሉ። «በነገሯ የተስማማሽ መሰለኝ። ዓይንሽን ሳይ ግን ሌላ ነገር ነበረበት። ሥራው ያንቺ መሆኑ ያን ጊዜ ገብቶኛል።»

«ታዲያ ለምን ለተቆጣጣሪው አልተናገሩም?»

«አንቺ ትናገሪ እንደሆነ ልይ ብዬ ነዋ» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ብዙ አስጠበቅሽኝ።»

ይቅር አላሉኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ስወጣ ግን ከኋላዬ «ማልሱን» ብለው ጠሩኝ። «‹ሽማግሌ› የሚለውን አንዴ ጽፈሽዋል። አንዴ ይበቃል፤ አትድገሚው» አሉኝ። ደግሜው ከሆነ ይቅርታ፤ ለማረም ወረቀት አልቆብኛል።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ እጅግ ውድ ከሆነው ጊዜዎ ላይ ይህን ያህል ስለወሰድኩ፣ ደግሞም ሳላስቀምስዎ በአንድ እሽግ ስላቀረብኩልዎ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ጋሽ ሜንግ ዱሲክ ከወሩ መጨረሻ በፊት ነጻ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ለእሳቸውም፣ ለካምፑ አዛዥም፣ ለዚህ ጋዜጣም እንዲልኩ በትሕትና እያሳሰብኩ፣ ለድርጅትዎ ብዙ ገዢ፣ ለገዢዎችዎ ብዙ ትዕግሥት እየተመኘሁ፣ ስሜን በገዛ እጄ፣ በገዛ ፊደሌ፣ ያለ አሻራ እነሆ አኖራለሁ።

የእርስዎ ታማኝ ያልሆነች ደንበኛ፣ በጥፋቷ ግን የታመነች፣

ታክ ማልሱን
የጥልፍ ባለሙያ፣ የማታ ትምህርት ምሩቅ
ሳንዋ

ማስታወሻ፦ ያ ጨዋ ተቆጣጣሪዎ ማንበብ አልችልም ስላልኩት የራሱን ኮምፒውተር ከእኔ ፊት አላዞረም። የገዢዎችዎን የስም ዝርዝር ሊከፍት ሲል፣ የተጨመቀ ፋይል የምትፈታ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ቀድማ ብቅ አለችና «ይህ ፕሮግራም በነጻ የሚሠራው ለግል የቤት አገልግሎት ብቻ ነው፤ ድርጅቶች እባክዎ ገዝተው ይጠቀሙ» አለች። ልጁ እንደ ዝንብ አባረራት፤ እጁ ለምዶታል፤ ወደ ጽሑፉ እንኳ አላየም። ኮምፒውተሩ ላይ የእርስዎ ድርጅት ምልክት ተለጥፏል። ስሙን አልጽፍም፤ አፍሮልኛልና አላሳፍረውም። ለእሱም ለእርስዎም የምመክረው ሌባ ለሌባ የሚመክረውን ብቻ ነው፦ ሳትጠየቁ ተናገሩ። እኔ ዘግይቻለሁ። እናንተ ግን ገና ጊዜ አላችሁ፤ በእናንተ ፈንታ የሚከሰስ ጎረቤት እስካሁን አልተገኘም።